ሙቀቱን ከቮልቴጁ መለየት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የሚሄድ ሰው እንጅባራን ካለፈ በኋላ፣ ዳንግላ ከመድረሱ በፊት አዲስ ቅዳምን ያገኛል። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ ናት። ዙሪያዋን የዲከረንስ ደን ከቧታል፤ ከደኑ የሚወጣው ከሰል በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። መብራት ከገባ በኋላም ከሰሉ ከምድጃው አልወረደም። ኤሌክትሪኩ የአምፖል፣ የቴሌቪዥን፣ የሞባይልና የወፍጮ ነው። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ትናንሽ ከተሞች ሁሉ፣ ምሽት ላይ ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያበራ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ሰውም «መብራቱ ደከመ» ይላል። መሐንዲሱ ይህንኑ በቁጥር ይናገረዋል፦ 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወርዷል።

ቤት ውስጥ ያለውን ቮልት ለማወቅ ከገበያ የሚገዛ ቴስተር ይበቃል። ጣጣው ወደ ምንጩ ሲጠጉ ነው። በየመንገዱ ዳር የሚታየው መስመር 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ይሸከማል። በብረት ታወር ላይ የሚሄዱት ደግሞ 66፣ 132፣ 230፣ 400 እና 500 ሺህ ቮልት ናቸው። ወደ 400 ሺህ ቮልት ሽቦ መለኪያ ይዞ የሚቀርብ ሰው የለም፤ ሽቦው ሳይነካ እንኳ አየሩን አቋርጦ ይገድላል። ታዲያ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የሚታየው ቁጥር ከየት መጣ? ቁጥሩስ ምን ያህል ይታመናል? ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ከሰጧቸው መልሶች ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ብርሃንን የላኩበት ነው። ብርሃን በእርግጥም የቮልቴጅን ጉልበት ይሰማል። ችግሩ ሙቀትንም፣ ጫናንም፣ ንዝረትንም እኩል መስማቱ ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አንዱን ከሌላው የመለየት ትግል ነበር።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 13 ቀን 1845፣ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ገና ሳያበቃ፣ ማይክል ፋራዳይ ለንደን ውስጥ እርሳስ የበዛበት ከባድ መስታወት በማግኔት አጠገብ አኖረ። በመስታወቱ ውስጥ ያሳለፈው ፖላራይዝድ ብርሃን ነበር። ብርሃን ሞገድ ነው፤ እንደ ወትሮው ወደ ሁሉም ጎን ይርገበገባል። በልዩ ማጣሪያ ሲያልፍ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበው ብቻ ይቀራል፤ ፖላራይዝድ የሚባለው እሱ ነው። ከፊቱ ሁለተኛ ማጣሪያ በመስቀለኛ ከተደቀነበት ምንም ብርሃን አያልፍም። በሁለቱ ማጣሪያዎች መካከል የገባ ነገር የብርሃኑን አቅጣጫ ካወከ ግን ጨለማው ይገለጣል። ፋራዳይ ማግኔቱን ሲያበራ ጨለማው ተገለጠ። ማግኔት ብርሃንን ማዞር እንደሚችል ያን ቀን ታወቀ።

ፋራዳይ የኤሌክትሪክ ጉልበትም እንዲሁ ያደርግ እንደሆነ ለማየት ከዚያ በፊትም በኋላም ሞክሮ ነበር። ምንም አላየም። ያላየው ነገሩ ስለሌለ አልነበረም፤ ለዓይኑ እጅግ ደካማ ስለነበረ ነው።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1875፣ አፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ጉንደት ላይ በደመሰሱበት ዓመት፣ ጆን ኬር የሚባል ስኮትላንዳዊ መምህር ግላስጎው ውስጥ ያንኑ ሙከራ ደገመው። ኬር የታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ የዊልያም ቶምሰን ተማሪ ነበር፤ ኑሮውን የሚገፋው ግን በቤተ ክርስቲያን መምህራን ማሠልጠኛ ሒሳብና ፊዚክስ እያስተማረ ነው። መስታወቱን በሁለት በኩል በስቶ ሽቦ ከተተበት፤ በሽቦዎቹ መካከል ብዙ ሺህ ቮልት ለቀቀ። በመስቀለኛ ማጣሪያዎች መካከል ብርሃን ብቅ አለ። የወጣው ግን ወዲያው አልነበረም፤ ቀስ እያለ ጎላ።

ይህ ቀስ ማለት አጠራጣሪ ነበር። መስታወት ሲጨነቅ፣ ሲታጠፍ ወይም ከአንድ ወገን ሲሞቅ ያለምንም ኤሌክትሪክ የብርሃንን አቅጣጫ እንደሚያውክ ከዚያ በፊት የታወቀ ነገር ነው። ታዲያ ኬር ያየው የኤሌክትሪክን ጉልበት ነው ወይስ ኤሌክትሪኩ በመስታወቱ ላይ ያመጣውን ጫና? ኬር መልሱን የፈለገው በፈሳሽ ነው። ፈሳሽ እንደ መስታወት ጫና ቋጥሮ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ በፈሳሽም ብርሃኑ ከታየ ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው ማለት ነው። ካርቦን ዳይሰልፋይድ በሚባል ፈሳሽ ሞከረው፤ ብርሃኑ ታየ፤ በዚህኛው ደግሞ አልዘገየም። ዛሬ የኬር ውጤት የሚባለው ይህ ነው፤ ከኤሌክትሪክ መስኩ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ መስኩ እጥፍ ሲሆን ውጤቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዚያ ጥርጣሬው ወደ ክሪስታል ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1880 ፒየርና ዣክ ኩሪ እንደ ኳርትዝ ያሉ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ገብሪኤል ሊፕማን የዚህን ግልባጭ በስሌት ተነበየ፦ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው መጠናቸው ይለወጣል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሮንትገንና ኩንት፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ ኳርትዝ በኤሌክትሪክ ውስጥ ብርሃንን እንደሚያውክ አዩ። አሁንም ያው ጥያቄ መጣ። ኳርትዙ በኤሌክትሪክ ከሰፋና ከጠበበ፣ ብርሃኑን ያወከው መስፋትና መጥበቡ ሊሆን አይችልም?

ይህን ቋጠሮ የፈታው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፖከልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893፣ ከዐድዋ ጦርነት ሦስት ዓመት በፊት፣ ጎቲንገን ውስጥ ኳርትዝን፣ ሶዲየም ክሎሬትን፣ ቱርማሊንንና ሌሎች ክሪስታሎችን ተራ በተራ መረመረ። ዘዴው የሒሳብ ሠራተኛ ዘዴ ነው። ጫና ብቻውን ብርሃኑን ምን ያህል እንደሚያውክ ለካ፤ ኤሌክትሪኩ ምን ያህል ጫና እንደሚፈጥር አሰላ፤ ከጠቅላላው ቀነሰ። የተረፈ ነበር። ያ ትርፍ፣ ዛሬ የፖከልስ ውጤት የሚባለው፣ የኤሌክትሪኩ የራሱ ሥራ ነው፤ ከመስኩም ጋር ቀጥ ባለ ምጣኔ ይሄዳል፣ መስኩ እጥፍ ሲሆን እሱም እጥፍ። ለመለኪያ ከዚህ የሚሻል ጠባይ የለም።

የፖከልስን ስም ያነሳሁ ጊዜ እህቱን አግነስን ሳላነሳ ማለፍ ይከብደኛል። ዩኒቨርሲቲ መግባት ያልተፈቀደላት ይህች ሴት ወላጆቿን እያስታመመች፣ በወጥ ቤት ዕቃ የውኃን ገጽ ጠባይ ለካች፤ የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ ደብዳቤዋን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1891 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዲታተም አደረገ። የመለካት ፍቅር በዚያ ቤት የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

የፖከልስ ግኝት ለሰማንያ ዓመታት ያህል ለኃይል መስመር አገልግሎት አልሰጠም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሌላ መንገድ ነበር። መስመሮቹ እያደጉ ሲሄዱ መሐንዲሶች ሁለት የብረት ኳሶችን ማቀራረብ ጀመሩ። ብልጭታው የዘለለበትን ክፍተት አይተው ቮልቴጁን ያውቁታል። በባሕር ወለል ከፍታ አንድ ሴንቲ ሜትር አየር ለመዝለል 30 ሺህ ቮልት ያህል ይፈጃል። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ኤፍ. ደብሊው. ፒክ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው ግን ብልጭታው የሚታዘዘው ለቮልቴጁ ብቻ ሳይሆን ለአየሩም ነው። አየሩ ከሳሳ ቶሎ ይዘላል። ከ2000 ሜትር በላይ ባለው የአዊ ደጋ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው አንድ ሴንቲ ሜትር በ24 ሺህ ቮልት አካባቢ ይጣሳል። የታወርና የጣቢያ መሐንዲስ በደጋ አገር ሽቦውን ከብረቱ ይበልጥ የሚያርቀው፣ ሽቦውን ከብረቱ የሚለየውን ስኒም የሚያስረዝመው ለዚህ ነው። ኳሶቹ ደግሞ ማረሚያ ሁሉ ተደርጎላቸውም ከመቶ ሦስት ያህል ይስታሉ፤ ለዕለት ተዕለት ሥራም አይሆኑም፤ ለመለካት ብሎ ብልጭታ ማስነሳት ማለት መስመሩን ማቋረጥ ነውና።

ለዕለት ሥራው የመጣው የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ነው። የብረት ልብ ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ተጠምጥሞ፣ አንዱ ከመስመሩ፣ ሌላው ከመለኪያው ጋር ይገናኛል፤ መለኪያው ጋ የሚደርሰው መቶ ቮልት ግድም ነው። ቮልቴጁ እያደገ ሲሄድ ጥቅሉን የሚለየው ዘይትና ወረቀት እየወፈረ፣ ዕቃው ከሰው ቁመት በላይ እየረዘመ ሄደ። ስለዚህ ለረጃጅሞቹ መስመሮች ሸክላ ለብሶ የቆመ የካፓሲተር ዓምድ ተሠራ፤ ዓምዱ ቮልቴጁን ይከፋፍለዋል፣ ከሥር ያለች ትንሽ ትራንስፎርመር ትጨርሰዋለች። ከኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ አጥር ውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው እነዚህን ዓምዶች በየመስመሩ መግቢያ ያገኛቸዋል።

መብራት ወደ አባይ አካባቢ የመጣውም በእነሱ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1956 ዓ.ም. ጢስ አባይ ፏፏቴ አጠገብ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ኃይል አገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኤሌክትሪክ የሚያውቁ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ ፊንጫ ሲጨመር የአገሪቱ መስመሮች እየረዘሙ፣ ቮልቴጃቸውም እያደገ መጣ። መለኪያው ግን ያው ብረት፣ ዘይትና ሸክላ ነው።

የእነዚህ ዕቃዎች ጉድለት ቀስ እያለ ታወቀ። የብረት ልብ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣበት ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ ትክክለኛውን ቅርጽ አያስተላልፍም። ከመስመሩ ካፓሲተር ጋር ተዳምሮ ራሱን የሚያናውጥ ቮልቴጅ የሚፈጥርበት ጊዜም አለ። የካፓሲተር ዓምዱ መብረቅ የመሰለ ፈጣን ነገር ሲመጣ ዘግይቶ ይነግራል፤ ከውስጡ አንዲት ንብርብር ስትበላሽ ንባቡ ማንም ሳያውቅ ይዛባል። ውስጡ ያለው ዘይት ከተቃጠለ ደግሞ ሸክላውን ፈንድቶ የሚበትን ቦምብ ነው። ከሁሉም በላይ በእነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ውስጥ ከከፍተኛው ቮልቴጅ ዕቃ እስከ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚደርስ መዳብ አለ።

ብርሃን ተመልሶ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ የመጣውም በመጀመሪያ በላቦራቶሪ በር ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ብሔራዊ የልኬት ቢሮ ውስጥ ኤስተር ካሲዲና ሮበርት ሄብነር ኬር ያየውን ውጤት ወስደው፣ በሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፉ የመቶ ሺህ ቮልቶች ምቶችን ለኩ። ዕቃው ናይትሮቤንዚን የተሞላ ሣጥን ነው። ሥራው አማረ፤ ግን ፈሳሹ መርዝ ነው፣ ጠባዩም ከሙቀቱ ጋር ይለዋወጣል። ሄብነር ከማለቭስኪና ከካሲዲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ግምገማ ውስጥ ብርሃን ከፍተኛ ቮልቴጅን ለመለካት ያለው ተስፋና ዕዳ አብረው ተጽፈዋል።

ወደ ጣቢያ የሚያወጣው መንገድ የተከፈተው ከሌላ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካኦ ንጹሕ መስታወት ብርሃንን ረጅም መንገድ ሊሸከም እንደሚችል ተናገረ፤ በ1970 ኮርኒንግ ውስጥ ማውረር፣ ኬክና ሹልትዝ የሠሩት ፋይበር ይህን አረጋገጠ። ለስልክ የታሰበው ፋይበር ለከፍተኛ ቮልቴጅ ሰው ሌላ ስጦታ ነበረው፦ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ክሪስታሉን ሽቦው ጋ ሰቅሎ ብርሃኑን በፋይበር ልኮ በፋይበር መቀበል ይቻላል፤ በሽቦውና በሰውየው መካከል መዳብ የለም። በእንግሊዝ የማዕከላዊ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ቦርድ ተመራማሪ የነበረው አለን ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1979 ቮልቴጅንና ጅረትን በኃይል መስመር ላይ በብርሃን ስለመለካት ጻፈ። በ1983 የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች ከቢስመዝና ከጀርማኒየም በተሠራ ክሪስታል የሚሠራ ፋይበራማ መለኪያ አቀረቡ። የፖከልስ ውጤት ከመጽሐፍ ወጥቶ ዕቃ ሆነ።

ዕቃው ከላቦራቶሪ ሲወጣ ግን አሮጌው ጥያቄ ደጃፍ ላይ ይጠብቀው ነበር።

የአዊን አየር አስቡት። በበጋ ንጋት ላይ ሜዳው ውርጭ ይለብሳል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ብረቱን ያግለዋል። ዞኑ ራሱ ከባንጃ ደጋ እስከ ጃዊ ቆላ ይወርዳል። በአንድ መስመር ሁለት ጫፍ የተሰቀሉ ሁለት መለኪያዎች አንዱ ቆፈን ውስጥ ሌላው ሐሩር ውስጥ ሆነው አንድ ዓይነት ቁጥር መናገር አለባቸው። መጀመሪያ የተሞከሩት ክሪስታሎች ይህን አልቻሉም። ሊቲየም ናዮቤት ለኤሌክትሪክ በጣም ስሜታዊ ነው፤ ግን ኤሌክትሪክ በሌለበትም ብርሃንን በራሱ የሚከፍል ክሪስታል ነውና ይህ ክፍፍል ከሙቀቱ ጋር ይለዋወጣል። ከቢስመዝ ክሪስታሎች አንዳንዶቹ ደግሞ ብርሃኑን በተፈጥሯቸው ያዞሩታል፤ መዞሩም ሙቀትን ይከተላል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሚዛን ሰቅሎ፣ ነፋሱም ሳህኑን እየተጫነ፣ «ይህን ያህል ኪሎ ነው» እንደማለት ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ነፋሱን የማይሰማ ሚዛን መፈለግ ነበር። ቢስመዝ ጀርማኔት የሚባሉ፣ ስማቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ክሪስታሎች አሉ። ቢስመዙ የበዛበት ብርሃንን ያዞራል። አራት ቢስመዝ ለሦስት ጀርማኒየም የሆነው ግን በተፈጥሮው ብርሃንን አይከፍልም፣ አያዞርምም፣ ሙቀት ሲለወጥም ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ሠሪዎቹ ወደ እሱ አዘነበሉ። ችግሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ክሪስታሉን የያዘው ማጣበቂያ ቀዝቅዞ ሲኮማተር ይጫነዋል፤ ጫናውም ብርሃኑን ያውከዋል። ኬርን በ1875 ያስጨነቀው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በአንዲት ጠብታ ሙጫ ተመልሶ መጣ። ክሪስታሉን ሳይጨብጡ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ።

ሁለተኛው መፍትሔ ይበልጥ የሚማርከኝ ነው፤ ስሕተቱን ከማባረር ይልቅ እንዲታይ ማድረግ ነውና። የብርሃን ምንጩ ሲያረጅ ወይም ፋይበሩ ሲታጠፍ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ መለኪያው ይህን የቮልቴጅ መውረድ አድርጎ ያነበዋል። ግን የመስመሩ ቮልቴጅ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የምንጩ ድካም ደግሞ በወራት የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ የሚርገበገበውን ክፍል ለማይርገበገበው ብታካፍሉት ድካሙ ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል። ይህ ብቻውን ሲያንስ ብርሃኑን ከክሪስታሉ በኋላ ለሁለት ከፍለው በሁለት ፋይበር አመጡት። ቮልቴጁ አንዱን ሲያደምቅ ሌላውን ያደበዝዛል፤ ሙቀትና ጫና ግን በሁለቱ ላይ የሚተዉት አሻራ ከዚህ የተለየ ነው። እያንዳንዱን በራሱ አማካይ አካፍሎ ሁለቱን ማወዳደር፣ ከስሕተቱ ብዙውን ክፍል ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል።

በዚሁ ጊዜ ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። የኤ.ቢ.ቢ. ኩባንያ ተመራማሪው ክላውስ ቦነርትና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምረው (እ.ኤ.አ.) ፖከልስ እየቀነሰ የጣለውን ነገር አነሱት። ኳርትዝ በቮልቴጅ ይሰፋል፣ ይጠባል። በኳርትዙ ላይ ፋይበር ከተጠመጠመበት ፋይበሩም አብሮ ይለጠጣል፤ መለጠጡ በዓይን የማይታይ ቢሆንም፣ በፋይበሩ ውስጥ በሁለት መንገድ የሚሄድ ብርሃን እርስ በርሱ ሲጋጭ ይለካዋል። ጫናው፣ የቀድሞው ጠላት፣ መለኪያው ራሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቦነርት ከኮስቶቪችና ከፔኪኞ ጋር ለ420 ሺህ ቮልት የሚሆን እንዲህ ያለ መለኪያ አሳተመ። ፖከልስ ቢያየው ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ሌላው ችግር ደግሞ ከሙቀት የማይመጣ ነበር። ክሪስታል የሚሰማው ያለበትን ነጥብ የኤሌክትሪክ መስክ ነው እንጂ ቮልቴጅን አይደለም። ቮልቴጅ ማለት ከሽቦው እስከ መሬት ያለው መስክ ሁሉ ድምር ነው። ዝናብ ስኒውን ሲያረጥበው፣ ጎረቤቱ ሽቦ (ፌዝ) ሲቃረብ፣ መኪና ከሥር ሲቆም፣ ቮልቴጁ ሳይለወጥ በዚያች ነጥብ ያለው መስክ ይለወጣል። የመፍትሔው አንዱ ወገን ክሪስታሉን ራሱን ከሽቦ እስከ መሬት ማስረዘምና ሙሉውን ቮልቴጅ በእሱ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ግን ብዙ አሥር ሺህ ቮልት ካለፈ በኋላ ብርሃኑ ደምቆ፣ ደብዝዞ፣ እንደገና ደምቆ ይዞራል፤ ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ የሚቆጥር ሌላ መስመር ያስፈልጋል።

ሌላው ወገን ከቫንኩቨር መጣ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ያገር፣ ከፋርኑሽ ራህማቲያንና ከፓትሪክ ቻቬዝ ጋር፣ ኔክስትፌዝ በተባለው ኩባንያ በኩል ያቀረቡት መልስ የካርል ጋውስን የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሒሳብ ይጠቀማል። የአንድን ጠመዝማዛ መስመር ድምር ለማግኘት ሁሉን ነጥብ መለካት አያስፈልግም፤ በትክክል የተመረጡ ጥቂት ነጥቦች፣ በትክክል የተመረጠ ክብደት ተሰጥቷቸው ሲደመሩ ይበቃሉ። በስኒው ባዶ ዓምድ ውስጥ፣ በዘይት ፋንታ ናይትሮጅን ጋዝ ሞልተው፣ ሦስት ትናንሽ የሊቲየም ናዮቤት መለኪያዎችን በተሰሉ ከፍታዎች ሰቀሉ። ጎረቤት ፌዝ መስኩን ሲያጣምመው አንደኛው ከፍ ያለውን ሌላው ዝቅ ብሎ ያካክሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የ230 ሺህ ቮልቱን ውጤት አሳተሙ፤ ዓምዱ ውስጥም መስኩን የሚያለሰልስ ቱቦ ጨመሩበት። ያነጣጠሩት ወደ 0.2 ክፍል ነበር፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ እንደሚለው ቮልቴጁ ከተመደበው 80 እስከ 120 ከመቶ ባለው ክልል ውስጥ ስሕተቱ ከመቶ 0.2፣ የጊዜ መዛነፉም ከ10 ደቂቃ ማዕዘን ማለፍ የለበትም።

በ0.2 እና በ0.5 መካከል ያለው ልዩነት ለተራ ሰው ምንም ሊመስል ይችላል። ለሻጭ ግን ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ ለኬንያ ኃይል መሸጥ የጀመረችው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የውሉ መነሻ 200 ሜጋ ዋት፣ ዋጋውም በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ይህ ኃይል ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢፈስና ቮልቴጁ በ0.2 ከመቶ ዝቅ ተደርጎ ቢነበብ፣ ሳይቆጠር የሚያልፈው ከ227 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። ስሕተቱ 0.5 ቢሆን ወደ 570 ሺህ ዶላር ይጠጋል። በእርግጥ ቆጣሪ የሚሠራው ከጅረት መለኪያም ጋር ነው፤ የዚያኛው ስሕተት ለብቻው ይደመራል።

በጅረቱ ወገን ብርሃን ቀድሞ አሸንፏል። የቦነርት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ፋራዳይ ያየውን መዞር በፋይበር ውስጥ የሚለካ፣ ሙቀትና ንዝረት የማያውኩት መሣሪያ አሳወቀ። ብልሃቱ ከአውሮፕላን የተወሰደ ነው፤ ሁለት ብርሃን በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ መንገዱን ያወከው ሁሉ ሁለቱንም እኩል ስለሚያውክ ሲወዳደሩ ይጠፋል። የፋይበሩ ጠባይ በሙቀት ወደ አንድ ወገን ሲያደላ፣ በመንገዱ ላይ የተጨመረች አጭር ፋይበር ወደ ሌላው ወገን እንድታደላ ተደርጋ ተቆረጠች። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኤ.ቢ.ቢ. ለአሉሚኒየም ፋብሪካዎች እስከ 500 ሺህ አምፔር የሚለካ ዕቃ አወጣ። በቀጣዩ አሥር ዓመት ይኸው ቡድን ዘዴውን ወደ ቮልቴጅ መልሶ በቢስመዝ ጀርማኔት ክሪስታል ላይ ሠራበት። ከዕቃው የሚወጣው ንባብ በቁጥር መልክ መስመሩን ለሚጠብቀው ሪሌይና ለቆጣሪ የሚተላለፍበት ዓለም አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2016 ጸደቀ።

እነዚህ ዓመታት በአዊና በአካባቢው ታወር የበዛባቸው ዓመታት ናቸው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ፤ ከሐይቁ በዋሻ የወረደው ውኃ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትን አራት ማሽኖች አዙሮ ወደ በለስ ወንዝ ይፈስሳል፤ ኃይሉም በ400 ሺህ ቮልት መስመር ወደ ባሕር ዳር ይወጣል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ተቋቋመ፤ የመለኪያ መለኪያ የሚሆን ቤት ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የመብራት ኃይሉ መሥሪያ ቤት ለሁለት ተከፍሎ፣ ታወሮቹና ጣቢያዎቹ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ቆጣሪውና ደንበኛው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሱ። ግድቡ የመጀመሪያውን ኃይል የሰጠው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ኃይሉን ወደ መሐል አገር የሚያመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት ነው።

በእነዚህ ታወሮች አናት ላይ የሚሄደው ቀጭኑ የመሬት ሽቦ ብዙ ጊዜ በሆዱ ፋይበር ይዟል። በእሱ ውስጥ የሚያልፈው የጣቢያዎች ወሬና የቴሌኮም ኪራይ ነው። ብርሃኑ እንግዲህ ከሽቦዎቹ ጋር መኖር ከጀመረ ቆይቷል፤ በጣቢያዎቻችን ቮልቴጁን የሚለኩት ግን ዛሬም በአብዛኛው የሸክላ ዓምዶቹ ናቸው። አልፈርድባቸውም። ሠላሳ ዓመት ዝናብና ፀሐይ ችሎ የቆመን ዕቃ፣ ጥገናውን የአገር ልጅ የሚያውቀውን፣ ሌንስና ሌዘር በሚፈልግ ዕቃ መተካት የዋጋና የመለዋወጫ ጉዳይም ነው።

ብርሃን እስካሁን ያልረታው የቀጥተኛውን ጅረት ቮልቴጅ ነው። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ እስኪደርስ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ቮልቴጁ በአንዱ ሽቦ 500 ሺህ ከዜሮ በላይ፣ በሌላው 500 ሺህ ከዜሮ በታች ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ አይመላለስም፤ ቆሞ ይቆያል። ስለዚህ የሚርገበገበውን ለማይርገበገበው የማካፈሉ ብልሃት አይሠራም፤ የምንጩ ድካምና የቮልቴጁ መውረድ አንድ መልክ ይኖራቸዋል። በዚያ ላይ በክሪስታሉ ገጽና ውስጥ ቻርጅ ቀስ እያለ ይሰበሰባል፤ የተሰበሰበው ቻርጅ ከውጭ ያለውን መስክ ይሸፍነዋል፤ ቮልቴጁ ሳይወርድ ንባቡ ይወርዳል። እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ፍጥነቱን ይለዋውጡታል። ክሪስታሉን በሞተር እያሽከረከሩ ቆሞ የሚቆየውን መስክ የሚመላለስ ለማስመሰል የሞከሩ አሉ፤ የሚሽከረከር ነገር ግን ይበላል፣ ይቀባል፣ ይቆማል። ስለዚህ በእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች በተለምዶ ቮልቴጁን የሚከፋፍለው ረጅም የሬዚስተር ሰንሰለት ነው፤ የብርሃኑ ድርሻ ንባቡን በፋይበር ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ማድረስ ነው።